አንድ ሳፋ የጠመንጃ መዝጊያ

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል። ከአዋሽ በታች በነበረ አንድ የጥጥ እርሻ ዕቃ ቤት ስጠብቅ የዘበኞቹም ጠመንጃ በእኔ እጅ ስለነበረ፣ ሰው ሁሉ ደፋር እመስለው ነበር።

አሥራ አራት ጠመንጃዎች ነበሩን፤ ግማሾቹ ቤልጅግ፣ ግማሾቹ ጀርመን ሠራሽ። ንድፋቸው አንድ ስለሆነ ላላወቀ ሰው መንትዮች ናቸው። ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ እኛ መዝጊያ የምንለው፣ የአንዱ በሌላው ሰተት ብሎ ይገባል። ችግሩም ይኸው መግባቱ ነው። ለጠመንጃው ያልተለካ መዝጊያ ጥይቱን አጥብቆ ላይዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ከወሎ የመጡት ሽማግሌው የዘበኞች አለቃ፣ ገዋኔ ላይ በሌላ ጠመንጃ መዝጊያ ተኩሶ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው ያውቁ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና፣ ጠዋት ተጣድፌ የሁሉንም መዝጊያ አወጣሁና አንድ ሳፋ ላምባ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። አንድ በአንድ ማጠብ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ላይ ግን እስከ ቀትር እንኳን አልቆየም።

አለቃው ገብተው ሳፋውን ሲያዩ ቆመው ቀሩ።

«ምነው ልጄ፣ እንደ ሽንኩርት አደባለቅከው እንዴ?» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እኔ ግን ወዲያው መዝጊያዎቹን ከሳፋው ማውጣት ጀመርኩ።

አሥራ ሁለቱ ቀላል ነበሩ፤ መዝጊያው ላይ የተመታው ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር አንድ ነው። የሁለቱ ቁጥር ግን ተፍቆ አልቋል። የቀሩት ባዶ ጠመንጃዎች ደግሞ አንዱ ቤልጅግ፣ አንዱ ጀርመን ነበሩ። ስለዚህ የትኛውን መዝጊያ የትኛው ፋብሪካ እንደሠራው መለየት ነበረብኝ። በእኛዎቹ ቤልጅጎች መዝጊያ ላይ ዘውድ ያላት ትንሽ ምልክት አለች፤ ሆዱም፣ ማለትም የታችኛው ጎኑ፣ ልሙጥ ነው። የጀርመኖቹ ምልክት የላቸውም፤ ሆዳቸው ላይ በቁመት የሄደ የሞረድ ጭረት ይታያል።

አንዱን አነሳሁ፤ ዘውድ ታየኝ። ገልብጬ ሆዱን አላየሁም።

«የቤልጅጉ ይህ ነው። እርግጠኛ ነኝ» አልኩና ገጠምኩት። ያቺ ቤልጅግ ከሰዓት ቦይ የሚጠብቀው የአፋር ዘበኛ ጠመንጃ ነበረች። ሚስቱ በዚያው ሳምንት ወልዳለች።

አለቃው ተቀብለው ጥይት አጎረሱና መልሰው ለእኔ ዘረጉልኝ።

«በል ተኩሳት። እኛ ዘንድ ጠመንጃ ያበጀ ሰው ነው መጀመሪያ የሚተኩሳት።»

ሰደፉን ትከሻዬ ላይ ሳደርግ መዝጊያው ከዓይኔ አንድ ስንዝር አይርቅም። የገዋኔው ሰውዬ ታሰበኝ። ላብ ቅንድቤ ላይ ተንጠባጠበ፤ የአዋሽ ሙቀት ነው እንዳልል ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር።

«ጋሼ፣ ግራሩ ላይ አስረን በገመድ ብንስባትስ?»

«ዘበኛው በገመድ ነው የሚተኩሳት?» አሉኝ። «እርግጠኛ ነኝ ብለህ የለም?»

ጠመንጃዋን አወረድኩ። ጥይቱን አውጥቼ፣ መዝጊያውን ስቤ፣ በጥጥና በላምባ አሸት አሸት አደረግሁና ፀሐይ ላይ ያዝኩት። ዘውድ ያልኩት የዝገት ጉድጓድ ነበር። ገለበጥኩት፤ የሞረዱ ጭረት ሆዱ ላይ በቁመት ተሰልፎ አገኘሁት። ሌላኛውን አነሳሁ፤ እሱ ልሙጥ ነው፣ ዘውዷም ላምባው ባላስለቀቀው ቅባት ተሸፍና ኖሮ ስጠርጋት ብቅ አለች።

አለቃው ሁለተኛ ጥይት ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መዝጊያዎቹን ለዋውጬ ሁለቱንም ጠመንጃዎች ወደ ወንዙ ማዶ ተኮስኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተኮስኩት። ምንም አልሆንኩም።

ከሰዓት ዘበኛው መጣ። ጠመንጃዋን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ትከሻው ላይ ጣል አደረጋት።

«ጸዳች?» አለኝ።

«ጸዳች» አልኩት።

ፊቴ ላይ ልትፈነዳ ትችላለች ብዬ የፈራሁትን ጠመንጃ፣ አለቃው ራስህ ተኩሳት ባይሉኝ ኖሮ መዝጊያዋን ገልብጬ ሳላይ ለእሱ እሰጠው ነበር። አመስግኖኝ ወደ ቦዩ ሄደ።