ስለ ሶፍትዌር ሳር የያዙ ሽማግሌዎች

ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ አልደብቅም። ያን ቀን ግን ማንም ቢሆን ይናደዳል።

ስምንት ወር ሙሉ ቤት ተቀምጬ ለመድኃኒት ቤቶች የሚሆን ፕሮግራም ሠራሁ። ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበውን መድኃኒት በቀይ ያሳያል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ከጨንቻ የወረደው ሸማኔ አባቴ ግን «የማይጨበጥ ነገር ማን ይገዛል?» እያለ መቀመጫ አሳጣኝ። በመጨረሻ ተስማማን፦ እስከ ፋሲካ ሦስት መድኃኒት ቤት ከገዛ አርባ ምንጭ እቀራለሁ፤ አለዚያ አዲስ አበባ፣ አጎቴ ያገኘልኝ ቢሮ ገብቼ ወረቀት ሳገላብጥ እውላለሁ። ከአርባ ምንጭ መውጣት ደግሞ ሞቴ ነው።

አንዱ ገዛ። ደስ ብሎኝ ሲቀላ ሰፈር ሁለተኛው መድኃኒት ቤት ስገባ ምን ልይ? የእኔው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቷል! «ግሩም ነገር ነው! ያ ፍላሽ ላይ የሚጭነው ልጅ ነው ያመጣልኝ» አሉኝ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት። ደግሞ እኮ እየመረቁት!

ልጁን አውቀዋለሁ። ዘፈኑንም ፊልሙንም ሶፍትዌሩንም ለሲቀላ ወጣት የሚጭነው እሱ ነው። ተማሪ ሳለሁ «እህቴ እኮ ነሽ» እያለ ስንቱን በነፃ ጭኖልኛል። እየበረርኩ ሱቁ ሄድኩ።

«ሌባ!» አልኩት፣ ሰው ፊት።

«ኧረ ምነው?» አለ ደንግጦ። «የዚያን የገዛሽን መድኃኒት ቤት ኮምፒውተር ከቫይረስ ሳጸዳ አገኘሁት፤ የፕሮግራሙን ቁልፍ ሰበርኩት። ሰው ወደደልሽ። ላዩ ላይ ያለውን ስምሽንም እኮ አልነካሁም!»

«የእኔ መሆኑን እያወቅክ?»

«አንቺ የምትሠሪበት ሶፍትዌርስ የማን ነው? ማን ጫነልሽ?»

«የእሱን ባለቤቶች አላውቃቸውም» አልኩት፤ «እኔን ግን ታውቀኛለህ።» እንባዬ ሲመጣ ጥዬው ወጣሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሦስት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው በራችን ላይ ቆመዋል። ልጁ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቷል። ለእርቅ ሳር ተይዞ ከተመጣ እምቢ አይባልም፤ አስገባናቸው። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ ለሶፍትዌር ሳር ሲያዝ አይቼ አላውቅም።

«ልጄ፣ ምን ወሰደብሽ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«የሠራሁትን።»

«የት ሄደ?»

«እኔም ጋ አለ።»

«ካለሽ ታዲያ ምን ጠፋ?» ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«እንጀራዬ ነው አባባ። በነፃ ከተገኘ ማን ይገዛል? ልሄድ ነው እኮ!»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እርቅ ደግሞ ግማሽ የለውም፤ ሁለቱም ወገን የሆዱን ይዘረግፋል። «አንቺስ ጋ የሌላ ሰው ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «አለ፤ ሳልገዛው የሠራሁበት ሶፍትዌር። ባለቤቶቹ ባሕር ማዶ ናቸው» አልኩ። አባቴ ፊት ይህን ስናገር አፈርኩ።

ሽማግሌው ወደ ልጁ ዞሩ። «ነገ ይዘሃት በየመድኃኒት ቤቱ ትዞራለህ። የማን ሥራ እንደሆነ በአፍህ ትናገራለህ። ስንት ቤት ነው?»

«አምስት» አለ ቀስ ብሎ።

አባቴ ጣልቃ ገባ። «አምስት? አንተ ለምነሃቸው ነው?»

«ኧረ እነሱ ናቸው የሚለምኑኝ! ሌሎችም አምጣልን እያሉኝ ነው።»

አባቴ እኔን ትክ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሰ።

«የማይጨበጠውን ነገር ሰው እንዲህ ከፈለገው፣ ታዲያ ይቺን ልጅ ወዴት ነው የምልካት?» አለ።