የጎረቤታችን ልብስ ያልራሰ ዕለት

ነገሩ የሆነው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው በጋ ነው። ሰው የሚንጠባጠብ ቧንቧ ያናድደዋል፤ እኔን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጸጥ ያለው ነው የሚያስፈራኝ።

እናቴ እስራኤል ውስጥ ገዴራ በምትባል ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። የማድ ቤቷ ቧንቧ አፉ ከሚዞርበት ከአንገቱ ስር ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥብ ነበር። እሷ ደግሞ ውሃ ሲባክን ማየት አትወድም። ባልዲ ትደቅንበትና ጠዋት ጠዋት በረንዳዋ ላይ ያለውን ጤና አዳም ታጠጣበታለች። የተረፈው ከታች ጎረቤቷ ማዛል ባሰጣችው ልብስ ላይ ይወርዳል። ማዛል ሞሮኳዊት አሮጊት ናት፤ ምላሷ አይጣል ነው። ስልክ ቁጥሬን ከእናቴ ወስዳ "ልብሴን አበሰበሰችው!" እያለች ታማርርብኝ ነበር።

ሲመረኝ አንድ ማክሰኞ ማታ ሄድኩና ውሃውን ዘግቼ፣ የቧንቧውን አፍ ነቅዬ፣ ያለቀውን የላስቲክ ቀለበት ለወጥኩት። መንጠባጠቡ ቆመ። ጭቅጭቁም አብሮ ቀረ ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ ግን ባዶውን ባልዲ እያየች "ውሃው ምን አደረገህ?" አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ያቭነ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሥራ ላይ ሳለሁ ማዛል ደወለች።

"ትናንት ውሃ አልወረደም፤ ዛሬም አልወረደም። በሯን ብደበድብ አትከፍትም።"

ሳቄ መጣ። "ቧንቧውን ሠርቼው ነው እኮ፤ ቤሰደር፣ ችግር የለም" አልኳት። ለማንኛውም ብዬ እናቴ ጋ ደወልኩ። አታነሣም። ወዲያው ማዛል መልሳ ደወለች፤ ድምፅዋ ተለውጧል።

"ስልኳ እቤት ውስጥ ይጮኻል። ያላ፣ ቶሎ ና!"

ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ። ገዴራ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ቁልፉ አልገባ ሲለኝ ማዛል ነጥቃ ከፈተችው። አልጋው ተነጥፏል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን በር የከፈትኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። የለችም።

ወጥተን በሩ ላይ ቆመን፣ ሆስፒታል ልደውል ስል፣ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀስ እያለች ትወጣለች። ክርያት ማላኪ ከተማ የምትኖር አንዲት ያገሯ ልጅ ባሏ ሞቶባት፣ ማልዳ ከሴቶቹ ጋር ለቅሶ ሄዳ ኖሯል። ስልኳን ረስታዋለች።

እኔ "እማየ!" ብዬ ሳልጨርስ፣ በሥራ ሰዓት እኔን፣ ከጎኔም ዓይኗ የቀላውን ማዛልን ስታይ ቀጥ አለች። መርዶ የመጣባት መሰላት። ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ፣

"ማን ነው? አትደብቀኝ ልጄ፤ ማን ሞተብኝ?" አለች።

"አንቺ ነበርሽ" አልኳት።

ማዛል አማርኛችን አልገባትም። ከእናቴ ጎን ተቀመጠችና ትከሻዋን መታ አድርጋ፣ በዕብራይስጥ "ጠዋት ጠዋት ውሃሽን አፍስሺ!" ብላ ተቆጣቻት። ከዚያ እቅፍ አድርጋት አለቀሰች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲሉ የገባኝ ያኔ ነው።

እናቴ አሁን ከደህናው ቧንቧ ባልዲዋን ሞልታ ታጠጣለች። ማዛልም ልብሴ በሰበሰ ብላ ትደውልልኛለች። ስሞታዋን እስክትጨርስ ዝም ብዬ እሰማትና "ተመስገን" ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ሳትደውል ያረፈደች ቀን ግን አላስችል ይለኛል። እኔው ደውዬ "ዛሬ ልብስሽ አልራሰም?" እላታለሁ።