«ከቀኝ ነው» ያልኩት ድምፅ

ባለፈው ሰሞን ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ፣ ከተሳፈርኩበት መኪና ኋላ «እምምም» የሚል ድምፅ ሰማሁና ጆሮዬ ቆመ፤ ሾፌሩ ሲያፈጥን ይጨምራል፣ ሲያዘገይ ይቀንሳል፣ እኔም መቀመጫው እሾህ የሆነብኝ ይመስል ደቂቃ በደቂቃ ወደ ኋላ እዞር ጀመር። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ «ምን ጠፋሽ እናቴ?» አለችኝ። ምንም አልጠፋኝም። በልጅነቴ አጎቴን ሌባ ያሰኘው እንዲህ ያለ ድምፅ ነበር።

ቤታችን ነፋስ መውጫ ነበር፤ አባቴ በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ዓርብ ዓርብ ገበያተኛ ጭኖ ወደ አርብ ገበያ ከተማ ይወርድና ማታ ይመለስ ነበር። እንደ አባቴ ያለ ተጠራጣሪ እስካሁን አላየሁም። እናቴ ወጡን አጣፍጣ ካቀረበችለት እንኳ «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?» ይላት ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የምትለዋ ተረት ከአፉ አትለይም፤ እግዜር ይይለት፣ ለእኔም አውርሶኛል።

በዚያ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ የሚኒባሷ የቀኝ የኋላ ጎማ መወዛወዝ ጀመረና የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ዘውዱ፣ መካኒክ ነውና፣ ኩሽኔታውን፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ ቀየረለት። አዲሱን ኩሽኔታ ገዝቶ የሰጠው አባቴ ነው፤ ሲገጠም ግን ወደ ወገዳ ለልቅሶ ሄዶ ስለነበር በዓይኑ አላየም። ጉዱን ሁሉ ያመጣችው ያቺ አለማየቱ ናት።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ድምፁ መጣ። ኮረኮንቹ ላይ ጠጠሩ ስለሚንጫጫ ምንም አይሰማም፤ ከአርብ ገበያ ወጥተን ነፋስ መውጫ አስፋልቱን ስንረግጥ ግን ከኋላ «እምምም» ይላል። አባቴ አንድ ሳምንት ዝም ብሎ አዳመጠ፣ በሁለተኛው ሳምንት እራት ላይ ጉርሻውን አስቀምጦ፣ «ወንድምሽ አዲሱን ኩሽኔታ አስቀርቶ አሮጌውን አጥቦ ነው የገጠመልኝ» አላት።

«አያ ዘውዱ? እኔን ያሳደገኝ ሰው?»

«ያሳደገው አንቺን ነው፣ ኩሽኔታዬን አይደለም።»

እናቴ እጇን ታጥባ ተነሳች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያ ዘውዱ ደጃችንን እንዳይረግጥ ተከለከለ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እናትም አባትም የሆናት ወንድሟ ነውና እናቴ ማድቤት ገብታ ስታለቅስ እሰማት ነበር። እኔም አልቅሼ አውቃለሁ፤ በኪሱ ቆሎ ሳይዝ የማይመጣ አጎት ነበረኝ።

ጥቅምት ላይ አባቴ ማስረጃ ፈለገ። የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና «የልጅ ጆሮ አይዋሽም፤ ከየት ነው የሚመጣው፣ ከቀኝ ነው ከግራ?» እያለ አስፋልቱን ያመላልሰኝ ጀመር። እውነቱን ልናገርና፣ ከግራ ይመስለኝ ነበር። ግን በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አየሁት፤ የሚፈልገውን ቃል አስቀድሞ አውጥቶ የሚጠብቅ ዓይን ነበር። «ከቀኝ ነው» አልኩት። «ጎሽ የኔ ልጅ!» አለኝና ሱቅ ወስዶ ከረሜላ ገዛልኝ፣ እኔም በላሁት።

የኅዳር ሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ደረሰ። አያ ዘውዱም ማኅበርተኛ ነውና የሚካኤልን ጽዋ ማን ይከለክለዋል፣ ጋቢውን አጣፍቶ ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። የማኅበራችን አባት የኔታ ጸሎቱን ሊጀምሩ ሲሉ አባቴ ብድግ ብሎ፣ «ከሌባ ጋር ጽዋ አልጠጣም!» አለ። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ እንደማይቀምስ ሁሉም ያውቃል፣ አለዚያ ከሁለቱ አንዱ ከማኅበሩ መውጣቱ ነው። እናቴ ማሰሮውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

የኔታ በቤተ ልሔም የዜማ ጉባኤ ድጓ ያስመሰከሩ፣ ተማሪ ከመቶ ድምፅ መሀል አንዲት ዜማ ቢስት ለይተው የሚቆጡ ሰው ነበሩ። ነገሩን ሰምተው፣ «ሰውን ሌባ ከማለትህ በፊት ድምፁን ለእኔ አሰማኝ» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። እሳቸው ከኋላ፣ እኔ አጠገባቸው፣ አያ ዘውዱ ከፊት፣ አባቴ መሪው ላይ ሆነን አስፋልቱን ያዝን። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። አዲስ በተጠገነው ለስላሳ መንገድ አስነዱት፣ አሮጌው ሻካራ ላይ አስነዱት፣ ደግመው መለሱት።

«አቁም» አሉ። «ድምፁ ሻካራው ላይ ይወጣል፣ ለስላሳው ላይ ይወርዳል። ውስጥ ያለ ብረት መሬቱ ምን እንደሆነ በምን ያውቃል? የሚያዜመው መሬት የሚነካው ነው። ደግሞም ከግራ ነው።»

አያ ዘውዱ ወርዶ ክሪኩን አስገብቶ የግራውን ጎማ አወጣው። ጥርሱ በአንድ ወገን እንደ መጋዝ ተበልቷል። ለዘመን መለወጫ ሰሞን አባቴ ራሱ ከደብረ ታቦር ያመጣው፣ ራሱም የገጠመው ያገለገለ ጎማ ነበር። ትርፉን ጎማ ገጥመው ሲነዷት መኪናዋ ዝም አለች።

አባቴ ወደ አጎቴ ይዞራል ስል ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ አይደለሽ ከቀኝ ነው ያልሽኝ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አያ ዘውዱ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ልጅቱን ተዋት» አለው፣ «የፈለግከውን ነው የነገረችህ።»

ተመልሰን «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ፣ ጽዋውም ተጠጣ። አያ ዘውዱ ግን ከዚያ ወዲያ የአባቴን መኪና በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ እናቴም በዓል በመጣ ቁጥር ወደ ወንድሟ ቤት ብቻዋን ትሄድ ነበር።

አሁን አባቴ አርጅቷል፣ ሚኒባሷም ከተሸጠች ቆየች። ያን ነገር ሲያወራ ዛሬም «ይቺ ልጅ አሳስታኝ» ብሎ ይጀምራል፣ እኔም ሽማግሌ ምን ይባላል ብዬ ዝም እላለሁ። ዛሬ የመኪና ጉድለት በኮምፒውተር ይታያል፤ ቤቴ ውስጥ ግን አንድ ነገር ሲጠፋ የምጠረጥረውን ሰው አስቀድሜ በልቤ እይዝና ልጄን ጠርቼ «ማን ወሰደው?» እላታለሁ። ልጄ ከመመለሷ በፊት ፊቴን ታያለች።