የቱት ጡረታ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ያወጣው መልአክ ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ስሜ ደሞዝ ነው፣ ሥራዬም ደሞዝ መክፈል። ከጎሬ ወርጄ ጋምቤላ ከተማ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ውስጥ የሰው የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ስቆርጥ ሸበትኩ። ሰው እኔን ሲያይ ትዝ የሚለው የተቆረጠበት እንጂ የተከፈለው አይደለም። ለምጄዋለሁ።

ዳክ ኮንግ የደሞዝ ወረቀቱን ይዞ ሲገባም ሊጨቃጨቅ የመጣ መስሎኝ ነበር። ዳክ ኢታንግ አጠገብ የተወለደ ኑዌር ነው፤ ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ አስተርጓሚ ሆኖ ሲቀጠር ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጎበዝ ስለነበር ድርጅቱ ወደ ደቡብ ሱዳን ላከው፤ እዚያም እኛ «ኤክስፓት ፓኬጅ» በምንለው የውጭ ሠራተኛ ኮንትራት ብዙ ዓመት ሠራ። ደሞዙ በዶላር፣ ቤቱ በድርጅቱ፣ ግብሩንም ድርጅቱ የሚጨርስለት፣ ጡረታ የሚባል ነገር የሌለበት ኑሮ ነው። ዘንድሮ በጀት ሲቀነስ መደቡ ታጠፈና በአገር ቤት ኮንትራት ወደ ጋምቤላ ተመለሰ። እንዲህ ወርዶ የማይጮህ ሰው አላየሁም።

«ማሌ፣ አቶ ደሞዝ» ብሎ በኑዌርኛ ሰላም አለኝና ተቀመጠ። «ግብሩ ገብቶኛል። መንግሥት ነው፣ ይወስዳል። ይሄ ግን ምንድነው?» ጣቱን ጡረታ የሚለው ቃል ላይ አሳረፈ።

ለብዙዎች ያስረዳሁትን አስረዳሁት። ካንተ ሰባት በመቶ፣ ከድርጅቱ አሥራ አንድ በመቶ ይገባል አልኩት። ደቡብ ሱዳን የሠራህበት መዋጮ ስላልተከፈለበት አይቆጠርም፤ የኩሌው ግን ይያያዝልሃል። አገልግሎትህ አሥር ዓመት ከሞላ፣ ዕድሜህም ሲደርስ፣ እስክትሞት በየወሩ ትበላለህ። «ቃሉ ከመጦር የመጣ ነው» አልኩት፤ «ልጅ አባቱን እንደሚጦር። ጧሪ ቀባሪ ለሌለው ጧሪው ይሄ ነው።»

«ብሞትስ?»

«ለሚስትህና ለልጆችህ ይተላለፋል።»

«እንግዲያው የሞተ ሰውም ይጦራል።»

«የሞተማ ምን ይጦራል» አልኩት እየሳቅሁ። «የሞተ ተጎዳ።»

እሱ አልሳቀም። «እናንተ ደገኞች እንዲህ ትላላችሁ። እኛ ጋ ወንድም ያለው ሰው ቢሞትም አይጎዳም» አለና የቤተሰቡን ማስረጃ ዘረጋልኝ። የሚስቱ ስም ኛሊየፕ ይላል፤ ባል በሚለው ቦታ ላይ ቱት ኮንግ። የትልቋ ልጅ ስም ኛባንግ ቱት፤ ትንንሾቹም እንደዚያው ቱት፣ ቱት።

«ዳክ፣ የወንድምህን ቤተሰብ ነው እንዴ ያመጣህልኝ?»

«የእኔ ናቸው። እኔ ወለድኳቸው።»

«አባታቸው ቱት ይላል እኮ!»

«አዎ፣ አባታቸው ቱት ነው።»

ንዴቴ ቅርብ ነው። እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጌ፣ አንድ ልጅ አንድ አባት ነው ያለው አልኩት። እሱ ግን በዚያ በዝግታው ነገሩን ከሥሩ ነገረኝ። ቱት ታላቁ ነው። አባታቸው ዳክን ከብት ጠባቂ ሊያደርገው ሲል፣ ይማር ብሎ የተሟገተለት ቱት ነበር። ከተማ ትምህርት ቤት ሊያስገባው በታንኳ ይዞት ሲመጣ ባሮ ሞልቶ ነበርና ተገለበጡ። ቱት ዳክን እየገፋ ለዳርቻው ሣር አስጨበጠው፤ ራሱን ግን ውሃው ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። በእነሱ ወግ ደግሞ ሳይወልድ የሞተ ሰው ስሙ እንዳይጠፋ፣ ወንድሙ ከብት ነድቶ በሟቹ ስም ያገባለታል። የሚወለዱትም የሟቹ ልጆች ይባላሉ። ዳክ ኛሊየፕን ያገባት እንደዚያ ነው። ሌላው ሰው ለወንድሙ ካገባ በኋላ ለራሱ ሌላ ሚስት ይጨምራል፤ የዳክ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ሚስት ስለማትፈቅድ እሱ ለራሱ ሳያገባ በዚያው ቀረ።

«ደቡብ ሱዳን ሳለህ ይሄ ጣጣ አልነበረም?» አልኩት።

አልነበረም። በኤክስፓቱ ውል ላይ የነበረው የሕይወት ኢንሹራንስ ነው፤ ኢንሹራንስ «ብትሞት ማን ይውሰድልህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የፈለግኸውን ትጽፋለህ። ጡረታ ግን «የማን ልጅ ናት?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ዳክ ከፓኬጁ ሲወጣ ያጣው ዶላሩን ብቻ መስሎት ነበር። እኔም እስከዚያች ቀን ሌላ የሚታጣ ነገር መኖሩን አላሰብኩም።

«ሐኪሙ ልብህ ሰፍቷል ብሎኛል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ነገ ብወድቅ ኛሊየፕና ልጆቹ ምን ያገኛሉ?»

«እንዲህ እንዳለ ከሆነ ምንም። የልጆቹ የአባት ስም ከሠራተኛው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። ፍርድ ቤት ሂድ፣ እኔ ነኝ አባታቸው በል፣ ኛባንግ ዳክ ይበሏት። ቀላል ነው።»

ቀላል ነው ማለቴ አሁን ድረስ ያሳፍረኛል።

ክረምቱ እየገፋ ሄደ። ዳክ ተመልሶ ሲመጣ ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሶ መመለሱን ነገረኝ። ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ቤቱ ሌሊት ሌሊት ቱት እየመጣበት ነው። አይናገርም፣ አይቆጣም፤ ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ይቆማል፣ የተኙትን ልጆች አንድ በአንድ ያያቸዋል። ሰው ዕቃውን ሊነጥቁት መሆኑን ሲሰማ እንደሚቆጥረው ያለ አስተያየት ነው አለኝ።

«ጸልይ እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ አይደለህም?»

«ጸለይኩ። እየጸለይኩ ቆሞ ይጠብቀኛል።»

 ስለ ግብር እርከን ቢጠይቀኝ ኖሮ ሠንጠረዡን አውጥቼ አሳየው ነበር።  በኋላ ቀና ብሎ፣ «ስሙ አንድ መሆን አለበት ነው ያልከው?» አለ።

«አዎ።»

«ሌላ የለም?»

«ሌላ የለም።»

አመስግኖኝ ሄደ። ከሄደ በኋላ ከእሱ ጎን በነበረው፣ ማንም ባልተቀመጠበት ወንበር ሥር ወለሉ ረጥቦ አገኘሁት። ክረምት ነው፣ ጣሪያው አፍስሶ ይሆናል ብዬ ጠረግሁት። ያ ጣሪያ ሲያፈስ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዞ ሲመጣ ክረምቱ ወጥቶ ነበር። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ፊቱ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ፊት ነው። ጎሽ፣ ልብ ገዛ ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኩት። ኛባንግ ዳክ የሚለውን ስፈልግ አጣሁት። ደግሜ አነበብኩ። የተለወጠው የልጆቹ ስም አልነበረም። አመልካቹ ዳክ ኮንግ ከእንግዲህ ቱት ኮንግ ተብሎ እንዲጠራ ነው የተፈቀደው፤ ሰውየው ያው ሰው መሆኑን ሽማግሌዎች መስክረውለታል።

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ስሙን አንድ አደረግሁ።»

መታወቂያው ተለውጧል። ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቷል፤ ነቅሼ የማወጣው ነገር ፈልጌ አጣሁ። ፔሮሉ፣ የደሞዝ መክፈያው መዝገብ ላይ፣ ዳክ የሚለውን ሰርዤ ቱት ብዬ ጻፍኩ። ኛሊየፕ ሚስቱ ሆና፣ ኛባንግና ታናናሾቿ ልጆቹ ሆነው ተመዘገቡ። ቱት ከዚያ ወዲያ በር ላይ ቆሞ አያውቅም አለኝ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ የራሴ ወንድም የተረፈልኝ ያህል ደስ አለኝ። እንኳን ደስ አለህ ብዬ እጁን ጨበጥኩት።

በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«ለቱት እኔ አገባሁለት» አለ። «ለዳክስ ማን ያገባለታል?»

ሹራቡን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። እኔ ሚስትም ልጅም የለኝም፤ ያ ጥያቄ ስለሱ ብቻ የቀረበ አልመሰለኝም።

አሁን በሕልሜ በር ላይ የሚቆም ሰው አለ። ውሃ አይንጠባጠብበትም። ረጅም ነው፣ ዝግ ያለ። ግባ ልለው፣ በስሙ ልጠራው እሞክርና ስሙ ይጠፋብኛል። ከፔሮሉ ላይ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።