ምንም ትታ የማትሄድ ሴት

በጋራ የሥራ አዳራሹ ውስጥ ከጎኑ በምትቀመጠው ሴት፣ ፕሮግራመሩ ስሟን እንኳ ሳያውቅ ቀናባት። ጠዋት ገብታ ላፕቶፗ ላይ አንዲት መስመር ትጽፋለች፤ እጇን ገና ሳታነሳ የመረጃ ቋቷ፣ ዳታቤዟ፣ ኮንቴይነር በሚሉት ጊዜያዊ የሶፍትዌር ሳጥን ውስጥ ተነስቶ ይጠብቃታል። ስትወጣ ደግሞ ኮንቴይነሩን ከነመረጃው ድምጥማጡን ታጠፋዋለች፤ ቅንድቧ እንኳ አይነቃነቅም። የእሱ ዳታቤዝ ማሽኑ ላይ በቀጥታ የተጫነ ነው። አሮጌው ከአዲሱ ጋር ተጠላልፎ፣ አንዱን ሲነካ ሌላው እየወደቀበት፣ ጠርጎ ለመጀመር ወኔ አጥቷል።

«ስታጠፊው አያሳሳሽም?» አላት አንድ ቀን፣ ነገር ፍለጋ።

«ነገ እንደ አዲስ ይነሳል» አለችው ቀና ሳትል።

አወጣጧ ደግሞ! ቻርጀሯን ጠቅልላ፣ ጠረጴዛውን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ያን ትልቅ ቦርሳዋን ስትዘጋ እዚያ ሰው ውሎ የነበረ አይመስልም። ቦርሳው ውስጥ አንዴ የጥርስ ብሩሽና ነጠላ ጫማ አይቷል። እሱን ግን አንጀቱን ያሳረረው ቅልጥፍናዋ ነው። «ታድላ!» ይላል በሆዱ።

ትናንት አብረው ሊወጡ ሲሉ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ሹራብ አነሳችለት።

«ረስተኸው ልትሄድ ነው፣ ወንድሜ።»

«ተዪው፣ ሁሌም እዚሁ ነው የሚያድረው። ኩባያዬም እንደዚሁ።»

ሹራቡን ቀስ ብላ መለሰችው። እጅጌውን አስተካከለችለት፤ ከዚያ ኩባያውን አየችው። አስተያየቷን ወዲያው አወቀው። እሱ ራሱ ስክሪኗን ሲያይ የከረመው በዚያው ዓይን ነው።

«ታድለህ» አለችና ቤቷን ሁሉ የያዘውን ቦርሳዋን ተሸከመች።