የእናቴ ግንባር

ትናንት ሴንት ሉዊስ ፓርክ ወዳለው ቤታችን ከበረዶ ገብቼ የሱፍ ሻርፔን ማሞቂያው ላይ አሰጣሁት። የእርጥብ ሱፍ ሽታ ሲመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ ከጎንደር እስራኤል ከገባን ዓመት አልሞላንም ነበር። የወላጆች ቀን ነበር። እማዬ በዚያ ሙቀት ግንባሯን በሱፍ ሻርፕ ጠምጥማ ወደ ሃይማኖት ትምህርት ቤቴ መጣች። ከሥሩ በልጅነቷ የተነቀሰችው መስቀል ነበር። አይሁድ መሆናችንን ተጠራጥረው እንዳያስወጡኝ ፈርታ ነው።

ሻርፑ በላብ ርሶ ይሸት ነበር። አስተማሪዬ እማዬን ያመማት መስሏት ቀስ ብላ ፈታችላት። መስቀሉን ስታይ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ በዕብራይስጥ፣ «ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?» አለችኝ።

«ምን አለች?» አለች እማዬ።

«ያምራል አለች።»

እማዬ አላመነችኝም። ወደ ቤት ስንሄድ፣ «እኔን ልጅ ሳለሁ፣ ክርስቲያን መስዬው ሰው እንዳይነካኝ ወላጆቼ አስነቀሱኝ። ዛሬ ደግሞ አንቺን እንዳይነኩሽ ሸፈንኩት» አለች። ማን ሊነካን እንደመጣ ለማየት ወደ ኋላ ዞር ዞር አልኩ።

ከትምህርት ቤቱ ማንም አላስወጣኝም። እማዬም አሁን፣ ከእስራኤል ወጥተን እዚህ በረዶ አገር፣ ግንባሯን አትሸፍንም። ባለፈው እሑድ ክሪስታል በሚባለው ጎረቤት ከተማ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት መስቀሉን አይታ፣ «የየትኛው ደብር ነሽ፣ እህቴ?» አለቻት።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «እሷን ጠይቂያት፤ ኮሌጅ የገባችው እሷ ናት።»

ሁለቱም መልሴን ጠበቁ።

«ገና አንደኛ ዓመት ነኝ» አልኳቸው።