ጋሽ ነስረዲን የሚጠሉት ድራማ

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ከጋሽ ነስረዲን ጋር ድራማ ማየት ፈተና ነበር። ቦርሳና ሻንጣ ጠጋኝ ናቸው፤ እኔ ከጎናቸው ባለች ሱቅ ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥናቸውን ሲከፍቱ የሰፈሩ ሰው በርጩማውን ይዞ ይመጣል። ድራማውን ለማየት እንዳይመስላችሁ፤ እሳቸው ሲያብጠለጥሉት ለመስማት ነው።

«ይቺ ልጅ ቤቷን ጥላ እየሄደች ነው አሉን አይደል? ሻንጣው እኮ ባዶ ነው! አያያዟን ተመልከቱ፣ እንደ ፌስታል ነው የምታወዛውዘው» ይላሉ። አርባ ዓመት ሻንጣ የጠገነን ሰው ማን ይዋሸዋል? የሀብታም ቤት ሁሉ ሶፋው አንድ መሆኑን የደረሱበትም እሳቸው ናቸው። «ይሄ ሶፋ አራት ድራማ ላይ ሠርቷል፤ ከተዋንያኑ ሁሉ የሚሻለውም እሱ ነው» ብለው ፈረዱ። አንዴ ልጃቸው ሳዲያ ሲኒማ ቤት ብትወስዳቸው፣ ዶፍ እየዘነበ ፀሐይ ስትወጣ አዩና «ወይ ዝናቡን፣ ወይ ፀሐይዋን አጥፉልን!» ብለው ጮኹ። ሳዲያ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር።

ሳዲያን እናቷ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። አግብታ አዳማ ከገባች በኋላ እንኳ ድራማው ሲጀመር ትደውልላቸውና በስልክ አብረው ይቦጭቁታል።

ከሁሉ በላይ የሚያበግናቸው ግን መደበቅ ነበር። «ሰባ ክፍል ሙሉ አንዲት ወሬ ይደብቃሉ! ለምን? "እንዳይደነግጥ" ይላሉ። የሚደነግጥ ይደንግጣ! አንድ ሰው አፉን ቢከፍት ድራማው በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። እንዲህ ያለ ጅል የት አገር አለ?» ይላሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ የሳዲያ ባል ሙስጠፋ ደወለልኝ። ኩላሊቷ ድንገት ሥራ አቁሞ እዚያው አዳማ ሆስፒታል ተኝታለች።

«ለአባቷ እንዳትነግሪ፣ ቤርሳቤህ። ደም ብዛት አለባቸው። ሻል ሲላት እንነግራቸዋለን» አለኝ።

«ምን ነካህ፣ እንዴት ይነገራቸዋል!» አልኩት። እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚደረገው። እናቴ ስትታመምም ለእኔ እንዲሁ ነው የተደረገው።

በማግስቱ ለማስታመም ልሄድ ስነሳ፣ ዝዋይ ለቅሶ አለብኝ ብዬ ዋሸኋቸው። ቦርሳዬን አንዴ አየት አደረጉና «ይሄ የለቃሽ ቦርሳ አይደለም፣ የአስታማሚ ነው» አሉኝ። እህቴም አሟታል ብዬ ሌላ ውሸት ጨመርኩበት። «አላህ ያሽራት» አሉና፣ አልሄድ ያለኝን ዚፕ ሻማ ቀብተው ዘጉልኝ። እስከ ሜክሲኮ ድረስ በታክሲ ሳለቅስ ሄድኩ።

አዳማ ስደርስ፣ ሳዲያ እንዳየችኝ ከኋላዬ ያለውን በር ተመለከተች። «አባዬስ?» አለችኝ።

«ነገ ይመጣሉ» አልኳት። በማግስቱም «ነገ» አልኳት። ስልክ ስጡኝ ስትል ባትሪው አልቋል እንላታለን፤ እሳቸው ሲደውሉ ሙስጠፋ «ሥራ ላይ ናት» ይላቸዋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርግ ነበር። አንዴ አላስችል ብሎኝ ሙስጠፋን «ልንገራቸው» አልኩት። «ዛሬ እኮ ሻል ብሏታል» አለኝ፤ እኔም ይሄንኑ መስማት ፈልጌ ኖሮ ተውኩት። ዓርብ ጠዋት «አባዬ ደረሰ?» አለችኝ። መልሴን ሳትሰማ አረፈች።

ሰላሃዲን የሚባል የዕድራችን ሰው «ሳዲያን ትንሽ አሟት ነው» ብሎ በመኪና አመጣቸው። ሲደርሱ ተከፍናለች። ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ከቀብር ሲመለሱ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ሦስት ቀን ተኝታለች አሉኝ። አንቺም እዚሁ ነበርሽ። ሙስጠፋ እስከ መጨረሻው ታወራ ነበር ብሎኛል» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ጠራችኝ?»

ፊታቸውን ሳየው እንዲቃጠሉ አልፈለግሁም። «አልጠራችዎትም፣ ጋሽ ነስረዲን። ሕመሙም ያን ያህል አልከበደባትም፤ ስለ ቤቷ፣ ስለ ሥራዋ ነበር የምታወራው» አልኳቸው።

«አልጠራችኝም» አሉ። ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ያቀለልኩላቸው መስሎኝ ነበር። ይኸው ስድስት ወር ሆነ። ቴሌቪዥኑን አሁንም ይከፍቱታል፤ ግን አንድ ቃል አይተነፍሱም፤ ሰዉም መምጣቱን ትቷል። ሊያጽናናቸው የሚመጣውን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁታል፤ «ልጄ እኔን ሳትጠራ ሞተች። ምን ብበድላት ነው?» ሱቄ ውስጥ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ተነስቼ፣ ሦስት እርምጃ ተራምጄ፣ «እርስዎን እየጠራች ነው ያረፈችው» ማለት ነበረብኝ። ያን ካልኩ ግን «ታዲያ አንቺ ለምን አልጠራሽኝም?» ይሉኛል።